የቶማዚን ምስክርነት

ጥቅምት 6

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ቤት ውስጥ። የዓሣ በርሜሎቹን ጨረስኩ፤ አንዱ ያፈስሳል። አንደኛው ጣውላ ገና እርጥብ ነበር፤ እያወቅኩ አስገባሁት። ነገ ፈትቼ እንደገና።

መጋቢ ፊልብሪክ፣ አባወራ ሁሉ በየዕለቱ ነፍሱን መርምሮ ያገኘውን ይጻፍ ብለዋል። መረመርኩ። ምን አገኘሁ? የወገብ ሕመም... የሚያፈስ በርሜል። ይኼ ይጻፋል?

ሚስቴ ቶማዚን እርግዝናው ከብዷታል። እግሯ አብጧል። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ዱባ ስትልጥ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ያን የጭስ መውጫ የምትጠግነው መቼ ነው? እንደ ዓሣ በጭስ ደረቅኩ እኮ" አለችኝ። ነገ አልኳት። ባለፈው ሳምንትም ነገ ብዬ ነበር።

ጥቅምት 9

ጊልበርት በርሜሎቹን ሊወስድ መጣ። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቤቱ ከኛ በታች፣ ባሕሩ ዳር። አንዱን በርሜል አንኳኳና ጆሮውን ለጠፈበት።

"ይኼኛው እንደ መጋቢው ጭንቅላት ነው። ምንም አያፈስስም፣ ምንም አያስገባም።"

ቶማዚን ከውስጥ ሳቀች። "ሰው ይስማህ ጊልበርት!"

"ይስማኛ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ጊልበርት እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ከዚህ በታች የት ሊያወርዱኝ ነው?"

እውነቱን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር አባል የሆነ "ወንድም" ይባላል፤ ያልሆነ "ጎረቤት" ነው። ስብከት ላይ ሁላችንም እንቀመጣለን፤ መቅረት ያስቀጣል። የጌታ እራት ሲቀርብ ግን ጎረቤቶች እንወጣለን። እኔና ቶማዚን ከእንግሊዝ ከመጣን አምስት ዓመታችን፣ ሁልጊዜ እንወጣለን። ከጊልበርት ጋር ስለ ነፋስ እያወራን ወደ ቤት። እስካሁን አልከበደኝም።

ጥቅምት 12

በቆሎ መሰብሰብ። የማሳውን ጉብታዎች የሠሩት ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ናቸው። በሽታ ጨረሳቸው፤ መስኩ ተመንጥሮ፣ ለስልሶ ጠበቀን። መጋቢው የእግዚአብሔር ዝግጅት ይሉታል። ዛሬ ከአፈሩ ውስጥ ትንሽ የሸክላ ነገር አወጣሁ፤ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። መልሼ ቀበርኩት። ለምን? እንጃ።

ጥቅምት 17

ሴት ልጅ። ረፋዱ ላይ። ትንሽ ናት፤ ድምፅዋ ግን መጋዝ ነው። ቃስያ አልናት። የኢዮብ ልጅ፣ ከመከራው በኋላ የተወለደችው።

አዋላጇ እኅት ዩኒስ ገና እጇን ሳትታጠብ ቶማዚን፣ "መቼ ትጠመቃለች?" አለች። ዩኒስ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

የሚጠመቀው የአባል ልጅ ብቻ ነው። ከአባትና ከእናት አንዱ አባል ካልሆነ ሕፃኑ ውጭ ነው። ይህን ቶማዚን አሳምራ ታውቃለች። በመጀመሪያው ልጃችን በዊልያም አውቀነዋል። በመጣን በመጀመሪያው ክረምት ተወለደ፤ በረዶው ሳይቀልጥ ቀበርነው፤ ሳይጠመቅ። ያኔ መጋቢው መጥተው፣ "ውኃ አያድንም፤ እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል" አሉ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። እሷ አልነቀነቀችም።

"ይህችን እንደዚያ አልቀብራትም" አለች ዛሬ።

"ትሞታለች ያለው ማነው?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥቅምት 18

ሰንበት። ብቻዬን ሄድኩ። ከስብከት በኋላ ሽማግሌ ሂውስን አገኘኋቸው። የወፍጮው ባለቤት ናቸው፤ ደግ ሰው። የማኅበሩ በር ግን በእጃቸው ነው።

"እንኳን ደስ አለህ ጎረቤት አምብሮዝ። ሴት ናት አሉኝ።"

ስለ ጥምቀቱ ጠየቅኳቸው። ትከሻዬን ያዝ አደረጉ። "በሩ ተዘግቶ አያውቅም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ኑና እግዚአብሔር በነፍሳችሁ ላይ የሠራውን መስክሩ። ማኅበሩ ካመነበት በሚቀጥለው ሰንበት ትጠመቃለች።"

እንግሊዝ ሳለን የመንደራችን ካህን የሁሉንም ልጅ ያጠምቁ ነበር። የሌባውንም፣ የሰካራሙንም። ራሳቸውም ሰክረው። እኔን ያጠመቁኝ ለአደን ቸኩለው ነው ይል ነበር አባቴ። ያን ንቀን ነው ባሕር የተሻገርነው። ቃስያ እዚያ ብትወለድ ኖሮ ይኼኔ ተጠምቃ ነበር... ይህን ለማንም አልናገርም።

ኅዳር 2

ምስክርነት የሚሰጡትን ሁሉ ሰምቻለሁ። መንገዱ አንድ ነው። መጀመሪያ ኃጢአት፤ ከዚያ አንድ ስብከት፤ ከዚያ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፤ ከዚያ አንዲት ጥቅስ፤ ከዚያ ትንሽ መጽናናት። እኔ የትኛው አለኝ? ማመኑንስ አምናለሁ። የአባቴን ስም እንደማውቀው። መቼ ጀመርኩ ብባል አላውቅም። አንቀጥቅጦኝ አያውቅም።

ቶማዚን ግን አላት። መርከቡ ላይ፣ ዋናው ምሰሶ የተሰነጠቀ ቀን። ከታች ታጭቀናል። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት፤ ሰዉ ይጮኻል። ዊልያምን አርግዛለች። ድንገት ፍርሃቱ ተነሣልኝ ትላለች። ሰው መጥቶ ሸክም ከትከሻህ ላይ እንደሚያወርድልህ። ቁጭ አለችና ማበጠሪያዋን አውጥታ ፀጉሯን አበጠረች። "ብንሰጥምም ባንሰጥምም ከማን ጋር እንዳለሁ አወቅኩ" ትላለች። ያ ፍርሃት ተመልሶ አልመጣባትም።

እኔ ያን ቀን ባልዲ ላይ ተደፍቼ ነበር። የማስታውሰው ባልዲውን ነው።

ሰሞኑን ሰውነቷ ጠንቶላታል። "እኔ እመሰክራለሁ" አለች። ቀለል አለኝ።

ኅዳር 12

ቶማዚን ሽማግሌ ሂውስ ቤት ሄደች። ሴቶች በማኅበሩ ፊት አይናገሩም፤ ለመጋቢውና ለሽማግሌው ይነግራሉ፤ መጋቢው ያነብላቸዋል። ሕፃኗን ይዤ ጠበቅኩ። ስትመለስ ካባዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ፀጉርሽን አበጠርሽ? አሉኝ ሽማግሌው። አዎ፣ ተንጨባርሮ ነበራ፣ አልኳቸው። በሞት ደጅ? አሉኝ። በሞት ደጅ ተንጨባርሬ ልቁም እንዴ? አልኳቸው።"

"እንዲህ አልሻቸው?"

"አልኳቸው።"

ቀጠለች። መጋቢው፣ ከዚያ ወዲህ ተጠራጥረሽ አታውቂም ወይ አሏት። አይ። አንድ ቀን እንኳ? አይ። ልጅሽ ሲሞትስ? "አለቀስኩ እንጂ አልተጠራጠርኩም።" ሁለቱ ተያዩ። መጋቢው ድምፃቸውን አለስልሰው፣ ሰይጣንም ሰላም ይሰጣል አሏት። የእግዚአብሔር የሆነው ይታገላል፣ ይወድቃል፣ ይጠራጠራል። ስንጥቅ የሌለው ሰላም ያስፈራል። ቆይታ ራሷን ትመርምር።

"ትንሽ ባለቅስ ኖሮ እኅት ቶማዚን ነበርኩ" አለችኝ።

ያንኑ ድስት ደጋግማ አጠበች።

ኅዳር 13

"አንተ ሂድ" አለችኝ ጠዋት።

"ምን ይዤ?"

"እኔ ምን አውቄ። ሰው አይደለህም? ነፍስ የለህም?"

ኅዳር 20

ጊልበርት ሥራ ቤት መጣ። የሆነውን ሁሉ ሰምቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ማበጠሪያ የወንዶቹ ቀልድ ሆኗል።

"እኔ ላስጠናህ" አለ፣ ጣውላ ክምር ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሎ። "በሰንበት ኳስ መጫወት ትጀምራለህ። በልጅነትህ። ኳስ ይወዳሉ። ከዚያ አንድ ስብከት... የራሳቸውን የመጋቢውን ስብከት አድርገው፣ ሞኝ አትሁን። ከዚያ ምግብ ይዘጋሃል። መሬት ትተኛለህ። ከኢሳይያስ አንዲት ቃል ጆሮህ ላይ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ዝም ትላለህ።"

"ለምን?"

"ልታለቅስ ነው ብለው እንዲያስቡ።"

"ይህን ሁሉ የምታውቅ ለምን አልገባህም ታዲያ?"

አንድ ጣውላ አንሥቶ አገላበጠ። ከዚያ፣ "ስጀምረው ሳቅ ይመጣብኛል" አለ። የሳቀ ግን አልመሰለኝም።

ሲሄድ ጣውላ እየላግኩ ሞከርኩት። ኳሱን... ስብከቱን... የሌላ ሰው ካፖርት መስሎ ታየኝ። እጅጌው ረዘመብኝ።

ኅዳር 25

ቃስያ ታስላለች። ደረቅ ሳል። የዊልያምም እንዲህ ነው የጀመረው።

ኅዳር 26

ሳሉ አልተሻላትም። እኅት ዩኒስ የሽንኩርት ልጥፍ ደረቷ ላይ አደረገችላት። ስትወጣ በር ላይ፣ "ቶሎ በል አምብሮዝ" አለችኝ። ምኑን ቶሎ እንደምል አልነገረችኝም። ገብቶኛል።

ኅዳር 27

ቶማዚን ሕፃኗን እያጠባች፣ ቀና ሳትል፣ "የኔን ውሰድ" አለችኝ።

"ምንሽን?"

"የመርከቡን። አንተ ላይ የደረሰ አድርገህ ንገራቸው። ማበጠሪያውን ተወው። ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ እጠራጠራለሁ በል። እሱን ነው የሚፈልጉት።"

"ያንቺ ነው እኮ።"

"ከኔ አንፈልግም አሉ። ሜዳ ላይ ወድቋል፤ አንሣው።"

እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። እሺ አልኳት። ማምሻውን ሄጄ ለሽማግሌው ነገርኳቸው፤ በሚመጣው ሐሙስ ና አሉኝ።

ታኅሣሥ 4

ሽማግሌ ሂውስ ቤት። እሳቱ ጥሩ ነበር። መጋቢው አንደኛው ወንበር ላይ፣ ሽማግሌው ሌላው ላይ። እኔ ኮፍያዬን ይዤ ቆሜ።

"መርከቡ ላይ..." ብዬ ጀመርኩ። እዚያው ቆምኩ። እጇ ታየኝ፤ ከላይ ወደ ታች ሲያበጥር። የኔ አይደለም። አፌ እንቢ አለ።

"ቀጥል ጎረቤት" አሉ መጋቢው።

"የለኝም" አልኩ።

"ምን የለህም?"

"የምትፈልጉት ነገር። ሚስቴ አላት። እኔ አጠገቧ ባልዲ ላይ ተደፍቼ ነበር፤ ለኔ ምንም አልመጣልኝም። ስብከት እሰማለሁ፤ ቤት ሳልደርስ ስለ ጣውላ አስባለሁ። እግዚአብሔር ያውቀኛል ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ልጄን አጥምቁልኝ ልል ነው የመጣሁት። ሌላ ይዤ አልመጣሁም።"

ልወጣ ዞርኩ። ሽማግሌ ሂውስ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ተቀመጥ ወንድሜ።"

ወንድሜ!

"ሰሙት መጋቢ? ባዶ እጁን መጣ።"

"ባዶ ነኝ ነው እኮ የምላችሁ" አልኩ።

"እሱማ። እሱማ። ባዶነትህን ማን አሳየህ?"

"ማንም። ራሴ አየሁት።"

"ሥጋ የራሱን ባዶነት አያይም፣ ወንድም አምብሮዝ።"

"ጌታዬ፣ አልገባዎትም። ትሕትና አይደለም። በእውነት የለኝም።"

መጋቢው ፈገግ አሉ። ሲያደርጉት አይቼ አላውቅም። በካድኩ ቁጥር እያመኑኝ ሄዱ። መጨረሻ ላይ ደከመኝና ዝም አልኩ። ዝምታዬንም ወደዱት።

ታኅሣሥ 5

ትናንት ቤት ስገባ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ነገርካቸው? የኔን?"

"አይ።"

"ታዲያ ምን አልካቸው?"

"ምንም የለኝም አልኳቸው።"

"እና?"

"ተቀበሉኝ።"

ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሕፃኗ ነቃች። እኔም ሳቅኩ። ስንት ጊዜ ሆነን አብረን ከሳቅን? ከዚያ የሷ ሳቅ ቀድሞ ቆመ።

"እስቲ ቆይ። እኔ አለኝ ስል የለሽም አሉኝ። አንተ የለኝም ስትል አለህ።"

"እንግዲህ የነሱ ነገር..."

"አይ። ገባኝ" አለች።

ምኑ እንደ ገባት አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት ይገባ ነበር።

ታኅሣሥ 7

ሰንበት። ስሜ በማኅበሩ ፊት ተነበበ፤ የሚቃወም ካለ እንዲናገር። ማንም የለም። በማኅበሩ ፊት ከመሰከርኩ በኋላ እኔን ለመቀበል እጅ ያወጣሉ።

ውጭ ጊልበርት ጠበቀኝ። "ወንድም ልበልህ ወይስ ገና ነህ?" የሆነውን ነገርኩት። ፉጨት አወጣ፤ በሰንበት። "ጉድ እኮ ነው! እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ባዶ ነኝ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።"

የቃስያ ሳል ቀነሰ።

ታኅሣሥ 21

ዛሬ መሰከርኩ። ያንኑ ቃል። ባልዲውን፣ ጣውላውን፣ አላውቅም የሚለውን። ሁሉም እውነት ነው። አንድም አልጨመርኩም።

ግን... ሽማግሌ ሂውስ ያለቀሱበት ቦታ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ። በራሱ ዝቅ አለ? ወይስ እኔ ዝቅ አደረግኩት? ደግሞ ቆም አልኩ። ጊልበርት እንዳስጠናኝ። አንዲት አሮጊት ከንፈሯን ስትመጥ ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። በመጀመሪያው ቀን የሚሉኝን አላውቅም ነበር። ዛሬ አውቃለሁ። እውነት ለሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ውሸት ይሆናል? የምጠይቀው ሰው የለኝም። ብጠይቅ ደግሞ ይኼንንም ጸጋ ነው ይሉኛል።

እጆች ሁሉ ወጡ። ቶማዚን ከሴቶቹ ኋላ ወንበር ላይ ነበረች። አላየኋትም፤ ለማየትም አልፈለግኩም።

ታኅሣሥ 28

ቃስያ ተጠመቀች። ሣህኑ ላይ በረዶ ይዞ ነበር፤ መጋቢው በጣታቸው ሰበሩት። ያቀፍኳት እኔ ነኝ፤ አባል እኔ ነኝና። ውኃው ሲነካት የመጋዝ ድምፅዋን አወጣች። ሰዉ ፈገግ አለ።

ቶማዚን ከቦታዋ ሆና አየች። ማታ የሕፃኗን ግንባር በጣቷ ነካ አደረገች፤ ውኃው የፈሰሰበትን። "በቃ" አለች። ደስ ያላት መሰለኝ። መሰለኝ።

ታኅሣሥ 29

በአገር ቤት ዛሬ ገና ነው። እዚህ አይከበርም፤ የሥራ ቀን ነው። ሁለት በርሜል።

ጥር 5

ሰንበት። የመጀመሪያዬ የጌታ እራት። ከስብከቱ በኋላ ጎረቤቶች ተነሡ። በየጊዜው የምሰማው የወንበር መንቋቋት ነው፤ ዛሬ ተቀምጬ ሰማሁት። ቶማዚን ቃስያን ታቅፋ ወጣች። የተጠመቀችውን ልጅ ያልተቀበሏት እናት ይዛት ወጣች። በሩ ሲከፈት በረዶ ገባ።

ስወጣ አልነበረችም። ብቻዬን ወደ ቤት። ጊልበርትም የለም።

"እንዴት ነበር?" አለችኝ ቤት።

"ዳቦ ነው" አልኳት።

ክፉ መልስ ነው። ደግ መልስ ግን ምን ይሆን ነበር?

ጥር 16

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ድሮ ዱቄት ስታቦካ መዝሙረ ዳዊት ታንጎራጉር ነበር። አሁን ዝም። ማታ ስጸልይ አሜን ትላለች፤ ከንፈሯ ብቻ።

ዛሬ፣ ለወሬ ያህል፣ ያን የመርከቡን ቀን አነሣሁባት። ሊጡን ትታ እጇን ጠራረገች።

"የቱን?"

"ፍርሃቱ የተነሣልሽን።"

"ነፋሱ ነው የቆመው" አለች። "ነፋስ ይቆማል። እኔ ደግሞ ልጅ ነበርኩ፣ እርጉዝ ነበርኩ። እነሱ የተማሩ ናቸው፣ አይተውታል።"

"ቶማዚን..."

"አንተም እዚያ ነበርክ። ምንም አልመጣም ብለህ መስክረሃል። በሁሉም ፊት።"

እኔ ለራሴ ነው የመሰከርኩት። እንዲህ ልላት ነበር። ምን ዋጋ አለው?

ጥር 28

ሽማግሌ ሂውስ ቤታችን መጡ። ዱቄት ይዘውልን፤ ደግ ሰው አልኩ አይደል። እሳቱ ዳር ተቀመጡና ቶማዚንን ስለ ነፍሷ ጠየቋት።

"አላውቅም" አለች።

"ያ ሰላምሽስ?"

"የለም። ሄዷል።"

"ታዝኛለሽ?"

"አዎ።"

ፊታቸው በራ። በእውነት በራ። "እግዚአብሔር ይመስገን እኅቴ። አሁን ተጀመረ።"

"ደስ አለዎት?" አለቻቸው።

"ለነፍስሽ ነው እኅቴ።"

"እኅቴ አይበሉኝ። ያ የነበረኝ ቀን አልፈለጋችሁኝም።"

ይኼንንም እንደ መሰበር ቆጠሩት። በረዶው ሲቀልጥ መጥታ ትመስክር አሉ። ስሸኛቸው በር ላይ እጄን ጨበጡኝ። "የምሥራች ነው ወንድም።" ስመለስ ቶማዚን ዱቄቱን እያየች ነበር። "እወስዳለሁ" አለች። "ዱቄት ምን አደረገ።"

ምኗን አሳጣኋት? ልጄን አስጠመቅኩ። በምን ዋጋ?

የካቲት 3

ሰንበት። ሳልረሳው ልጻፈው።

ከስብከቱ በኋላ፣ ጎረቤቶች ሳይወጡ፣ ሽማግሌ ሂውስ ተነሥተው ጸልዩላት አሉ። "የወንድም አምብሮዝ ባለቤት። ብዙ ዘመን በሐሰት ሰላም ታስራ ነበር። አሁን ጌታ ሰብሯታል።" ሰዉ ሁሉ ወደ ሴቶቹ ኋላ ወንበር ዞረ። ቶማዚን እጆቿን እያየች ነበር። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

አባል መናገር ይችላል። ይህን ሳስብ ቆሜ ነበር።

"ሐሰት አልነበረም" አልኩ።

"ወንድም..."

"እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ምሰሶው ሲሰነጠቅ ከናንተም ብዙዎቻችሁ ከታች ነበራችሁ። ጮኻችኋል። እኔም። እሷ ተነሥታ ፀጉሯን አበጠረች። ከሳፎክ አውራጃ የመጣች አንዲት ልጅ ታለቅስ ነበር፤ የሷንም አበጠረችላት፤ ዝም እስክትል። ባዶ ነኝ ስላችሁ አምናችሁኛል። ይኼንንም እመኑኝ።"

"ለሚስትህ ያለህ ፍቅር ነው የሚያናግርህ።"

"ያየሁትን ነው የምናገረው።"

"ተቀመጥ ወንድም። ሐሙስ ቤቴ ና።"

ከወንዶቹ አንዱ "ማበጠሪያ!" ብሎ አጉረመረመ፤ ሳቅ ተሰማ። ከኋላ ጊልበርት ጮክ ብሎ "እሰይ!" አለ። ሥርዓት አስከባሪው በዘንጉ ጎሰመው። ተቀመጥኩ። ያመነኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ጎረቤቶች ወጡ። ዳቦው ዞሮ ደረሰኝ። ቆረስኩ፤ በላሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ቃስያ በኔ አባልነት ነው የገባችው።

ስወጣ ቶማዚን ግድግዳው ጥግ ቆማለች። ሕፃኗን በካባዋ ጠቅልላ። አፍንጫዋ ቀልቷል። ተቆጥታለች።

"የምን የሳፎክ ልጅ?" አለችኝ።

"ያቺ ቀይ ፀጉር ያላት። አጠገባችን የነበረችው።"

"እሷ ከመሰላሉ ማዶ ከእናቷ ጋር ነበረች። አጠገባችን ማንም ልጅ አልነበረም።"

"ታዲያ ማንን ነው ያበጠርሽው?"

"አንተን ነዋ።"

ቆምኩ። እሷ አልቆመችም፤ እየሄደች ተናገረች፤ ተከተልኳት።

"ባልዲውን ጥለህ ራስህን ጭኔ ላይ አድርገህ ስታለቅስ። ትውከቱ ፀጉርህ ላይ ደርቆ። እሱን ሳስለቅቅልህ እንቅልፍ ወሰደህ። ሰዉ ይጮኻል፣ አንተ ታንኮራፋለህ። ከተናገርክ ደግሞ በትክክል ተናገር! በሰው ሁሉ ፊት ቆመህ ያልነበረች ልጅ ትፈጥራለህ?"

"አላስታውስም።"

"ተኝተህ ምን ታስታውሳለህ?"

መንገዱን ሙሉ ከመጀመሪያው ነገረችኝ። የውኃውን ድምፅ። የማበጠሪያው ጥርስ ሲሰበር። ያ ሸክም ከየትኛው ትከሻዋ እንደ ተነሣ። እየተቆጣች ነው የነገረችኝ። ወንዟ ጋ ስንደርስ፣ "ነፋሱ ነው የቆመው ብለሽኝ ነበር" አልኳት።

"ነፋሱ የቆመው በማግስቱ ነው" አለች። "አንተ ስትተኛ ገና ይነፍስ ነበር።"

አሁን ሕፃኗን እያስተኛች ነው። ታንጎራጉራለች።

ሐሙስ እዚያ እሳት ዳር ምን እላቸዋለሁ? ምንም አልመጣልኝም ብዬ ነው የገባሁት። በዚያ ማዕበል መካከል ተኝቼ ነበር ልበላቸው?